ጠይቁን፦ ለወፍ የሚሆነው ባይኖኩላር የትኛው ነው?

ክረምቱ አልፎ ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱ ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መግባት ሲጀምሩ፣ ስለ ባይኖኩላር የሚጠይቁን አንባቢዎችም ይበዛሉ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አጣምረን፣ ረዣዥሞቹን አሳጥረን መልሰናል።

ባለ 8 ወይስ ባለ 10?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እስካሁን ከእንግዶቼ እየተዋስኩ ነበር የምጠቀመው፤ አሁን የራሴን ልገዛ ነው። አንዱ ደንበኛዬ «8×42 ግዛ» ይለኛል፣ ሌላው «10×42 ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን» ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ይበልጥ የሚያቀርበው እያለ ያነሰውን ለምን እገዛለሁ?

መልስ፦ አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ 8×42ን ይግዙ፤ በተለይ ለእርስዎ ሥራ።

የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል። 80 ሜትር ላይ ያለች ወፍ በ8 ስትታይ 10 ሜትር ላይ፣ በ10 ስትታይ ደግሞ 8 ሜትር ላይ ያለች ያህል ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው የሚገምተውን ያህል አይሰፋም። ሁለተኛው ቁጥር የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ ካርቶኑ ላይ በጉልህ የማይጻፍ ሦስተኛ ቁጥር ያገኛሉ፦ ከዓይን ሌንሱ ወደ ዓይንዎ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት። በ8×42 ይህ 5.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ10×42 ደግሞ 4.2።

በቀትር ፀሐይ የዓይን ብሌን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ ከዚያ የተረፈው ብርሃን ዓይን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ቆመው ቢያዩ ሁለቱም እኩል ብሩህ ናቸው። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ ግን ብሌኑ ይሰፋል፤ ትርፉ ብርሃን ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው። ቅጠል መሐል የተቀመጠችው ቢጫ ግንባር በቀቀን ቢጫዋ ለይቶ መታየቱ ወይም እንዲሁ አረንጓዴ ጥላ ሆና መቅረቷ በዚህ ይወሰናል። ክቡ ሰፋ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ እጅ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ዓይን ከብርሃኑ ስለማይወጣ ምስሉ በጥቁር ጥላ አይቆራረጥም። ባይኖኩላሩን ለማያውቀው እንግዳ አቀብሎ «ያቻት!» የሚል አስጎብኚ ይህን መናቅ የለበትም።

ቀጥሎ የእጅ መንቀጥቀጥ አለ። ባይኖኩላር የሚያጎላው ወፏን ብቻ አይደለም፤ የእጅንም ንቅናቄ በዚያው ልክ ያጎላል። ዳገት ወጥተው ትንፋሽዎ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ወይም ጀልባ ላይ ሆነው በ10 ቢያዩ፣ ያገኙትን ተጨማሪ ዝርዝር መንቀጥቀጡ መልሶ ይወስደዋል።

የዕይታ ስፋትም አለ፤ ይህ 1,000 ሜትር ላይ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሜትር እንደሚታይ የሚገልጽ ቁጥር ነው። 8×42 ባይኖኩላሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 145 ሜትር ያሳያሉ፤ 10×42 ደግሞ ከ95 እስከ 120። የቆመ ንስር ለማየት ይህ ብዙም ለውጥ የለውም። ያቤሎ ሜዳ ላይ እየተጠማዘዘች የምትበረውን ባለ ነጭ ጭራ ስዋሎ ለመከተል ግን ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። በዚያ ላይ በ8 ሲያዩ ከወፏ ፊትና ኋላ ያለው ቦታም በአንድ ፎከስ ጥርት ብሎ ስለሚቆይ ማዞሪያውን ደጋግመው መነካካት አይኖርብዎትም።

ባለ 10ም ቦታ አለው። ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ዛፍ የለም፤ ወፉ ሁሉ በሩቅ ነው። ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሞ ከገደል ወደ ገደል የሚንሳፈፉ ጥንብ አንሳዎችን የሚለይ ሰውም 10×42 ቢይዝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከሳነቴ ወርደው ሐረና ጫካ ሲገቡ ያው መሣሪያ ይጨልማል፣ ይጠባል። ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቀን የሚያዳርስ ሰው 8ን ይዞ ከሩቅ ላሉት ስኮፕ (በአንድ ዓይን የሚታይበት፣ ይበልጥ የሚያቀርብ ቴሌስኮፕ) ቢጨምር ይሻለዋል።

ክብደት ለሚያስቸግረው 8×32 አለ። ከ8×42 ከ100 እስከ 200 ግራም ገደማ ይቀላል፤ የብርሃን ክቡ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከጫካ ንጋት በስተቀር የሚጎድልዎት ነገር አይኖርም።

መርካቶ ያለው «30×60»

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ አዲስ አበባ። መርካቶ ውስጥ «30×60»፣ «20×50»፣ አንዳንዱም «ቀንና ሌሊት» የሚል ባይኖኩላር በርካሽ ይሸጣል። ሌንሱ ቀይ ሆኖ የሚያብለጨልጭም አለ። 8×42 ከእነዚህ ሁሉ የሚወደደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተጻፈው ቁጥር እውነት ቢሆን እንኳ ለወፍ አይረባም፤ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። ማስመሪያ ይዘው ይሂዱና ሱቁ በር ላይ ሦስት ነገር ይፈትሹ።

አንደኛ፣ የፊተኛውን ሌንስ ከዳር እስከ ዳር ይለኩ። «60» የተባለው ዕቃ ኪስ የሚገባ ከሆነ 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሊኖረው እንደማይችል መለኪያም አያስፈልገውም፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር እኮ ነው። አብዛኞቹ 20 ምናምን ሚሊ ሜትር ይወጣሉ።

ሁለተኛ፣ ባይኖኩላሩን ከዓይንዎ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ወደ ብሩህ ሰማይ ያዙሩት፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም። በእያንዳንዱ የዓይን ሌንስ መሐል ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል። ማስመሪያውን አስጠግተው ይለኩት። «10×50» የሚል ዕቃ 5 ሚሊ ሜትር ማሳየት አለበት፤ 3 ካሳየ ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ወይ ውስጡ ያሉት ክፍሎች ከሌንሱ የገባውን ብርሃን እየቆረጡ ነው። ቅርጹንም ልብ ይበሉ። ክብ መሆን ሲገባው ጠርዞቹ ግራጫ ሆነው አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ (የተገለበጠውን ምስል የሚያቀናው የውስጥ መስታወት) ከርካሹ መስታወት፣ ቢኬ7 ከሚባለው ነው። ባክ4 የሚባለው የተሻለው መስታወት እስከ ዳር የሞላ ክብ ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ እውነተኛውን እጥፍ ይቁጠሩ። በአንድ ዓይን በባይኖኩላሩ፣ በሌላው በባዶው የብሎኬት ግድግዳ ይመልከቱ፤ ሁለቱ ምስሎች ይደራረባሉ። ጎልቶ የሚታየው የአንድ ብሎኬት ቁመት በባዶ ዓይን ከሚታዩት ስንት ረድፍ ይሸፍናል? ስምንት ከሸፈነ 8 ነው። «30» የተባለው ስምንትና ዘጠኝ ሲሸፍን ማየት የተለመደ ነው።

ቀዩ ሌንስ ጌጥ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ ብርሃንን ወደ ውጭ ስለሚመልስ ወደ ዓይንዎ የሚደርሰው ምስል ቀይ ተቀንሶለት ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል። ወፍ ደግሞ በቀለም ነው የሚለየው። «ቀንና ሌሊት» የሚለውም ባዶ ቃል ነው፤ መደበኛ ባይኖኩላር ያለውን ብርሃን ይሰበስባል እንጂ የራሱን አያመነጭም። ከ10 እስከ 30 የሚያቀርብ ዙምም ይቅርብዎት፦ የዕይታ ስፋቱ ከመነሻው ጠባብ ነው፣ እጥፉ ሲጨምር ይጨልማል፣ የግራና የቀኙ ማጉያ እኩል መሄዱን ሲያቆም ደግሞ ምስሉ ይለያያል።

ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ እንንገርዎት። ያልተቀባ መስታወት ብርሃን በገባበትና በወጣበት ገጽ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል። ባይኖኩላር በእያንዳንዱ ጎን 10ም ከ10 በላይም እንዲህ ያለ ገጽ አለው፤ አሥሩ ብቻ ሲደማመሩ ሲሶው ብርሃን መንገድ ላይ ይቀራል። ጥሩ ኮቲንግ (የሌንስ ቅብ) ይህን በየገጹ ወደ ግማሽ በመቶ ያወርደዋል። ካርቶኑ ላይ «ኮትድ» ብቻ ከተባለ አንዳንዱ ገጽ አንድ ጊዜ ተቀብቷል ማለት ነው፤ «ፉሊ ማልቲ-ኮትድ» ከተባለ ሁሉም ገጽ በብዙ ንብርብር ተቀብቷል። የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

የፕሪዝሙ ዓይነትም አለ። ቱቦው ቀጥ ያለው «ሩፍ ፕሪዝም» ይባላል፤ ትከሻው ወደ ጎን የወጣው የድሮው ቅርጽ ደግሞ «ፖሮ»። ሩፍ ቀላልና ውሃ የማያስገባ አድርጎ ለመሥራት ይመቻል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ፕሪዝሙ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ሲገጣጠም ሞገዱ ስለሚዛነፍ ምስሉ ይደበዝዛል። ዛይስ በ1988 ያመጣው «ፌዝ ኮቲንግ» ይህን ያርማል፤ ርካሽ ሩፍ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ፖሮ ከመነሻው ችግሩ የለበትም። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ተማሪ ርካሽ ሩፍ ከሚገዛ 8×40 ፖሮ ቢገዛ የተሻለ ምስል ያገኛል። ኒኮን አክሽን ኢኤክስ 8×40 ውሃ የማያስገባ ፖሮ ነው፤ ወፍራምና ከባድ ነው እንጂ ምስሉ አያሳፍርም። ያገለገለ ሆኖ ቢያገኙት እንኳ ከላይ ያለውን ፈተና አሳልፈው ይውሰዱት።

መነጽር ለሚያደርግ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር መምህር ነኝ፣ መነጽር አደርጋለሁ። በባይኖኩላር ሳይ መሐሉ ብቻ ይታየኛል፤ ዙሪያው ጥቁር ነው። በዚያ ላይ የቀኙ ምስል ሁልጊዜ ብዥ ይላል። ችግሩ የዓይኔ ነው የዕቃው?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ሊስተካከሉ ይችላሉ።

ጥቁሩ ዙሪያ የሚመጣው ዓይንዎ ከዓይን ሌንሱ ስለራቀ ነው። ሙሉው ምስል የሚታየው ዓይን ከሌንሱ በተወሰነ ርቀት ላይ ሲሆን ነው፤ አምራቾች ይህን የዓይን ርቀት በሚሊ ሜትር ይጽፉታል። መነጽሩ ራሱ የዚያን ርቀት አብዛኛውን ስለሚወስድ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር ያለው ያስፈልግዎታል፤ መነጽሩ ወፍራም ከሆነ 18። የተጻፈው ቁጥር የሚለካው ከመስታወቱ ገጽ መሆኑን አይርሱ። መስታወቱ ጎማው ውስጥ ጠልቆ ከተቀመጠ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው ሳይሞክሩ አይግዙ። ከዚያ በፊት ግን የዓይን ማስደገፊያው ጎማ ወደ ታች መውረዱን ይዩ። የሚጠመዘዝ ከሆነ እስከ መጨረሻው ያጥብቁት፣ የሚታጠፍ ከሆነ ይጠፉት። ብዙ ሰው ጎማው ወጥቶ እያለ ዕቃውን ይወቅሳል። መነጽር የማያደርግ ሰው በተቃራኒው ጎማውን ማውጣት አለበት፤ ዓይኑ ከልክ በላይ ከቀረበ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ችግርዎ ቅርብ ወይም ሩቅ አለማየት ብቻ ከሆነ ፎከሱ ራሱ ስለሚያካክሰው መነጽሩን አውልቀው ማየት ይችላሉ። አስቲግማቲዝም (የዓይን ገጽ እኩል ክብ አለመሆን) ካለብዎት ግን ባይኖኩላር አያርመውም፤ መነጽሩ ይቆይ።

የቀኙ ብዥታ ዳዮፕተር የሚባለው ማስተካከያ ስላልተነካ ነው። ሁለት ዓይን እኩል አያይም፤ ይህ ቀለበት ልዩነቱን ያካክሳል። አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ ዓይን ሌንስ ላይ፣ አንዳንዴም መሐል ማዞሪያው ላይ ይገኛል። መጀመሪያ ሁለቱን ቱቦ ከፍተውና ዘግተው ሁለቱ ክብ አንድ እስኪሆን ድረስ ከዓይንዎ ስፋት ጋር ያስማሙ። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሜትር ርቀት ላይ ጽሑፍ ያለበት ታፔላ ይምረጡ። የቀኙን የፊት ሌንስ በክዳኑ ወይም በመዳፍዎ ሸፍነው፣ ሁለቱንም ዓይን ሳይጨፍኑ፣ በመሐለኛው ማዞሪያ ግራውን ጥርት ያድርጉ። አሁን ግራውን ይሸፍኑና መሐለኛውን ሳይነኩ ቀለበቱን ብቻ እያዞሩ ቀኙን ያጥሩ። ዓይን መጨፈን የጡንቻ ውጥረት ስለሚያመጣ ውጤቱን ያዛባል፤ ለዚህ ነው ሌንሱ የሚሸፈነው። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት ያስታውሱ። ባይኖኩላሩን ተማሪዎች ከተዋሱት በኋላ ወደዚያው ይመልሱታል። ቀለበቱ እስከ ጫፍ ዞሮ አሁንም ካልጠራ ወይ መሣሪያው ተዛንፏል፣ ወይ የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄጃዎ ደርሷል።

የወደቀውና ጭጋግ የያዘው

ጥያቄ፦ (ከጎባ) ከበቅሎ ላይ ከወደቀብኝ ወዲህ ሳይበት ራሴን ያመኛል፤ አንዳንዴም ሁለት ወፍ ይታየኛል። (ከጅማ) የኔው ውስጡ ጭጋግ ይይዝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ነጭ ክር የመሰለ ነገር አለ።

መልስ፦ ለጎባው ጠያቂያችን፦ ሁለቱ ቱቦዎች የሚያዩት አቅጣጫ ተለያይቷል። ፕሪዝሙ በመቆንጠጫ ወይም በማጣበቂያ ስለሚያዝ ሲወድቅ ይንሸራተታል። አእምሮ ሁለቱን ምስሎች አንድ ለማድረግ ዓይንን ሲጎትት ይውላል፤ ራስ ምታቱ ከዚያ ነው። ለማረጋገጥ ባይኖኩላሩን የእህል ጆንያ ላይ አስደግፈው ከ100 ሜትር በላይ ያለ አግድም መስመር፣ ለምሳሌ የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ያነጣጥሩ። መስመሩን እያዩ ጭንቅላትዎን ቀስ ብለው ወደ ኋላ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያርቁ። የግራው መስመር ከቀኙ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ተዛንፏል። ወደ ጎን ያለውን ትንሽ ልዩነት ዓይን ይችለዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ግን አይችልም።

ማስተካከያ ብሎኖቹ ከጎማው ሥር ተሸፍነው ይገኛሉ፤ አንዳንዱ ላይ የፊት ሌንሱ ቀለበት ራሱ ነው የሚዞረው። በግምት አይንኳቸው። አንዱን ሲፈቱ ሌላው ይዛነፋል፣ ውሃ መከላከያውም ይከፈታል። የጥገናው ዋጋ ከዕቃው የሚበልጥ ከሆነ አንዱን ጎን ሸፍነው በአንድ ዓይን ይጠቀሙበት። የሚያጓጓ ነገር ባይሆንም ከራስ ምታት ይሻላል።

ለጅማው፦ ጭጋግ ሁለት ዓይነት ነው። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲገቡ፣ ለምሳሌ ከሳነቴ ወደ ሐረና ሲወርዱ፣ ሌንሱ በውጭ በኩል ያልበዋል፤ ይህ ጉዳት የለውም፣ ባይኖኩላሩን ቦርሳ ውስጥ አድርገው ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ቢተዉት አይመጣም። በውስጥ በኩል ከሆነ ግን ማሸጊያው ለቋል ማለት ነው። ውሃ የማያስገቡ ባይኖኩላሮች በደረቅ ናይትሮጅን ተሞልተው ይታሸጋሉ፤ ጋዙ ከወጣ እርጥብ አየር ይተካዋል።

ነጩ ክር ሻጋታ ነው። በጅማ ክረምት ቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ባይኖኩላር ዋና ሰለባው ነው፦ ጨለማ፣ እርጥበት፣ የማይንቀሳቀስ አየር። ሻጋታው የሚያመነጨው አሲድ ኮቲንጉን ስለሚበላው ባለሙያ ከፍቶ ቢያጸዳው እንኳ ጠባሳው ሊቀር ይችላል። እንዳይስፋፋ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡት ትናንሽ ከረጢቶች ይሆናሉ፤ ግን አብዛኞቹ እርጥበት ጠግበው ነው የሚደርሱን። ፍሬዎቹን አውጥተው ምግብ በማይሠራበት ድስት በለስላሳ እሳት ካደረቋቸው በኋላ በጨርቅ ቋጥረው ይጠቀሙባቸው። ሩዝ አይተካውም፤ እርጥበት የመሳብ አቅሙ ትንሽ ነው፣ አቧራም ይጥላል።

ከአሜሪካ ለሚልኩ

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ቢሾፍቱ ያለው ወንድሜ አስጎብኚነት እየተማረ ነው። ኒኮን ሞናርክ ኤም5 8×42 ልላክለት ወይስ ኤም7 8×42? የሁለት መቶ ዶላር ያህል ልዩነት አላቸው።

መልስ፦ ሁለቱም ኢዲ የሚባለው፣ በምስሉ ጠርዝ የሚታየውን የቀለም ብዥታ የሚቀንስ መስታወት፣ የተሟላ ኮቲንግና ውሃ የማያስገባ አካል አላቸው፤ መሐል ላይ የሚታየውን ወፍ ብቻ ቢያወዳድሩ ልዩነታቸውን ማግኘት ይቸግራል። የሚለያዩት በስፋት ነው። ኤም5 6.4 ዲግሪ ያሳያል፣ ኤም7 8.3። ዲግሪውን በ17.5 ሲያባዙ በ1,000 ሜትር ላይ ያለውን ስፋት ያገኛሉ፦ 112 ሜትርና 145 ሜትር። በአሜሪካ መደብሮች ቁጥሩ በ1,000 ያርድ ላይ በጫማ ስለሚጻፍ ለ3 ቢያካፍሉት ያው ሜትሩ ይወጣል። ወደ መስኩ እናምጣው፦ 50 ሜትር ላይ ያለ የግራር ዛፍ ላይ ኤም5 5.6 ሜትር፣ ኤም7 7.25 ሜትር ስፋት ያሳያል። በቦታ ስፋት ሲሰላ የኤም7 በሁለት ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። ለጀማሪ ትልቁ ችግር ወፏን ሌንስ ውስጥ ማስገባት ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዳር ዳሩ ላይ የኤም7 ጥራት ትንሽ ይላላል፤ ወፏ መሐል ከገባች በኋላ ግን አይታሰብም።

ኤም7 የሚቆለፍ ዳዮፕተርና ውሃና ቅባት የማይይዝ የሌንስ ቅብም አለው። ባይኖኩላሩ ከእጅ ወደ እጅ ለሚዞርበት አስጎብኚ ሁለቱም ይጠቅማሉ። ኤም5ን የምንመርጥለት አንድ ሁኔታ አለ፦ ወንድምዎ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ ከሆነ። የኤም5 የዓይን ርቀት 19.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኤም7 17.1።

ከመላክዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። ለጎባው ጠያቂ የሰጠነውን የአግድም መስመር ፈተና መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ እዚያው ይሞክሩት፤ አዲስ ዕቃም ተዛንፎ ሊወጣ ይችላል፣ የአሜሪካ ዋስትና ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ ለሚገኝ ሰው ከስም አያልፍም። ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር ከመላክዎ በፊት ስለ ባይኖኩላር ያለውን የመግቢያ ደንብ ከጉምሩክ ያጣሩ፤ የተቀባይን ግምት ይዘው አይላኩ።

ሁላ ሸለቆ

ጥያቄ፦ ሰሜን እስራኤል ነው የምኖረው። በክረምት ሁላ ሸለቆ ለሚያርፉት ክሬን ለሚባሉት ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች 12×50 ልግዛ ብዬ ነበር።

መልስ፦ 12 በእጅ አይያዝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች አንድ ላይ ሲነሱ የሚፈልጉት ስፋት ነው፤ ለዚያ 8 ወይም 10 ይበቃል። ከሩቅ አንዱን ለይተው ዕድሜውን ወይም እግሩ ላይ ያለውን የቀለበት ምልክት ለማየት ከፈለጉ ደግሞ 12ም አይበቃም። የሚያስፈልግዎ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ሌንስ ያለው ስኮፕ በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ፣ በ25 ወይም በ30 እጥፍ ነው። ዙሙ እስከ 60 ይሄዳል ብለው አይጓጉ፤ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀ በኋላ የሚንቀለቀለው አየር አብሮ ስለሚጎላ ምስሉ ይሟሟል። ይህ ለአብያታ ሐይቅም ይሠራል፤ ውሃው ከድሮው ዳርቻ ስለሸሸ ፍላሚንጎዎቹ ሩቅ ናቸው፣ ከረፋድ በኋላ ማጉላት ዋጋ የለውም። በንጋት ይሂዱ።

12 ግድ ከሆነ በባትሪ የሚሠራ ማረጋጊያ ያለውን፣ እንደ ካነን 12×36 አይኤስ ያለውን፣ ይዩ። ቁልፉን ሲጫኑ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ዝናብ ግን አይወድም።

ሌንስ ማጽዳት

ጥያቄ፦ አዋሽ ደርሼ በተመለስኩ ቁጥር ሌንሱ አቧራ ይለብሳል። በምን ልጥረገው?

መልስ፦ በነጠላ ጫፍም በሸሚዝም አይጥረጉት። የአሸዋ ብናኝ ከኮቲንጉ ስለሚጠነክር እያሻሹ መቧጨር ይሆናል። መጀመሪያ በጎማ ማናፈሻ ያባርሩት፣ የቀረውን ለስላሳ ብሩሽ ያንሳው፤ አሸዋው ከሄደ በኋላ ብቻ ትንፋሽዎን እፍ ብለው በማይክሮፋይበር ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እያዞሩ ይጥረጉ። ውሃ የማያስገባ ከሆነ በቀጭን የቧንቧ ውሃ ማለቅለቅም ይቻላል። የእጅ ሳኒታይዘር አይንካው።

ለልጅ

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ የኔን 10×50 ይወስድብኛል፤ ግን «ምንም አይታየኝም» ይላል።

መልስ፦ እውነቱን ነው። ብዙ ባይኖኩላሮች ሲዘጉ በሁለቱ የዓይን ሌንሶች መሐል ቢያንስ 56 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ የልጅ ዓይን ከዚያ ሊጠብ ስለሚችል በአንዱ ብቻ ነው የሚያየው። የብሌኖቹን ርቀት በማስመሪያ ለክተው እስከዚያ ድረስ የሚታጠፍ 6×30 ወይም ቀላል 8×25 ይፈልጉለት። ቢራቢሮና ጥንዚዛም የሚወድ ከሆነ ፔንታክስ ፓፒልዮ 6.5×21 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ፎከስ ያደርጋል። ማንጠልጠያውን ደረቱ ላይ እንጂ ሆዱ ላይ እንዳይደርስ ያሳጥሩለት። ወፏን መጀመሪያ በባዶ ዓይኑ ያግኛት፤ ከዚያ ዓይኑን ሳይነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይኑ ያምጣ፤ ባይኖኩላሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ዛፉን መፈለግ ከጀመረ ወፏን አያገኛትም። ወደ ፀሐይ እንዳያዞረው ደግሞ ከመስጠትዎ በፊት ይንገሩት፤ ለአንድ አፍታም ቢሆን የዓይን ብርሃን ያጠፋል።